ሩቅ ተሠርተው ቅርብ የሚደርሱ ፊልሞች



ዛሬ እዚህ የቆምኩት እንደ ፊልም ምሁር አይደለም። ፊልም ሠርቼ አላውቅም፤ አስተምሬም አላውቅም። ተመልካች ነኝ። ተመልካች ወደድኩ ወይም ጠላሁ የማለት ሙሉ መብት አለው፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን "እንዲሁ ነው" ብሎ ማምለጥ የለበትም። ስለዚህ የምወዳቸውንም የምከራከራቸውንም ፊልሞች ከነምክንያቴ ይዤ መጥቻለሁ።

የማወራው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስላልተሠሩ፣ በሲኒማ ቤቶቻችን በር ላይ ፖስተራቸው ተለጥፎ አይቼ ስለማላውቅ ፊልሞች ነው። ወሎፍ፣ ፋርስኛ፣ ካዛክኛ፣ ሃንጋሪኛ የሚነገርባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ በፓሪስና በቬኒስ ስማቸው የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚያውቃቸው ሰው ከተገኘ፣ ወይ ፊልም የሚማር ነው ወይ እንደ እኔ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው።

ስለ እነዚህ ፊልሞች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ፍርድ አለ፤ "ከባድ ናቸው፣ ትዕግሥት ይፈልጋሉ፣ ለእኛ አይሆኑም" ይባላል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ካባ ለብሶ እየበረረ ኒውዮርክን ከጠፈር ወራሪ የሚያድን ሰው ታሪክ ነው ለእኔ የሚከብደኝ። ኒውዮርክን አላየሁ፣ ወራሪውን አላውቀው፣ ካባውም ምን እንደሚያደርግለት አልገባኝ። መታወቂያ ፍለጋ ከመስኮት መስኮት የሚንከራተተውን አዛውንት ግን አውቀዋለሁ። ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ዛሬ ጠዋት አብራችሁት ተሰልፋችሁ ይሆናል።

ቋንቋውም ሰበብ አይሆነንም። አንዲት የሂንዲ ቃል የማያውቅ ሰው በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ከጀግናዋ እናት ጋር አልቅሶ ወጥቷል፤ ዘፈኑንም በቃሉ ይዞ ሰፈሩን አዳርሷል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ የስንቱን ቤት እራት አዘግይቷል። በነገራችን ላይ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ የውጭ ቋንቋ የሚፈራ ሕዝብ አይደለንም። የእነዚህ ፊልሞች ችግር አምጪ ማጣታቸው ነው። ነጋዴውን አልወቅስም፤ ትኬት የማይሸጥለትን ነገር አምጣ ማለት አልችልም። ማየቱ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ከማንዳቢ ልጀምር። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1968 ሠራው። ሴምቤን ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት ደራሲ ነበር፤ ደራሲ ከመሆኑ በፊት ደግሞ በማርሴይ ወደብ ጭነት አውራጅ። መጻሕፍቱን በፈረንሳይኛ ጻፈ፣ ታተሙ፣ ተመሰገኑም። የሚጽፍላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ሊያነቧቸው አይችሉም ነበር። ስለዚህ ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው ጡረታውን ማስላት ይጀምራል፤ እሱ እንደገና ተማሪ ሆነ። ማንዳቢ በወሎፍ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። የፈረንሳይ ገንዘብ ስለነበረበት የፈረንሳይኛ ቅጂም ተቀርጾለታል። እኔ የምላችሁ ግን የወሎፉን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢብራሂማ ዲየንግ የዳካር ሰው ነው። ሥራ ከፈታ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለት ሚስቶችና ሰባት ልጆች አሉት። ልብሱን ብታዩ ግን ሥራ ፈት ነው አትሉም፤ ሰፊ ቀሚሱን ወደ ትከሻው እየሰበሰበ ሲራመድ መንገዱን ከአባቱ የወረሰው ይመስላል። አንድ ቀን ፖስተኛ ይመጣል። ፓሪስ ውስጥ መንገድ የሚጠርገው የእህቱ ልጅ አብዱ 25,000 ፍራንክ በሐዋላ ልኳል። ከዚህ ውስጥ 20,000ው ልጁ እስኪመለስ የሚቆይለት የራሱ ቁጠባ ነው፤ 3,000ው ለእናቱ፤ 2,000ው ለኢብራሂማ።

ሒሳቡን ልብ በሉ። ሰውየው የሚደርሰው ከጠቅላላው አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ነው። ሰፈሩ ግን የሚሰማው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው። ገና ወረቀቱ በእጁ ሳይገባ ሚስቶቹ ከባለ ሱቁ ሩዝና ዘይት በዱቤ ወስደዋል፤ ኢብራሂማም ነገሩን ሳያውቅ ጠግቦ በልቶ ተኝቷል። ሲነቃ ጎረቤት ተሰልፏል። አንዱ ሩዝ ይበደራል፤ ሌላው ብር ይለምናል፤ ኢማሙም ሳይቀሩ ጎራ ይላሉ። ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ እዚህ ላይ ማንም ሳይተረጉምለት ይስቃል። ላኪውም ሳቁን ይስቃል፤ ትንሽ ይመርረዋል እንጂ። ልጅቱ ሰው ቤት እየሠራች በወር የቆጠበችው ብር አገር ቤት ሲደርስ እንዴት ሀብት መስሎ እንደሚታይ፣ የተላከላቸውስ እንዴት በአንድ ቀን የሰፈር ባለጸጋ እንደሚባሉ እናውቃለን።

ፊልሙ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አምጣ ይላል። ኢብራሂማ መታወቂያ የለውም፤ የግብር ደረሰኝ እና የመራጭ ካርድ ያቀርባል፤ አይሆንም። ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ የልደት ሰርተፍኬት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ እና ቴምብር አምጣ ይሉታል። ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፤ መቼ ተወለድክ ይሉታል። ወደ 1900 አካባቢ ይላል። ቀኑስ? ወሩስ? አዛውንቱ ቆሞ ይቀራል። ዳካር ተወልዶ እዚያው ያረጀ ሰው፣ መወለድህን አስመስክር ተብሎ ተጠየቀ። ዘመኑ ዛሬ ቢሆን ኖሮ በላዩ ላይ "ሲስተም የለም" ይጨመርለት ነበር።

የማንዳቢ ትልቁ ብልሃት፣ ሰውየው ገና ያልተቀበለው ገንዘብ እያለቀ መሄዱን ማሳየቱ ነው። ለአውቶቡስ ይከፍላል፤ ደብዳቤውን ለሚያነብለት ጸሐፊ ይከፍላል፤ ፎቶ ለሚያነሳው ይከፍላል፤ ፎቶውም አልወጣም ተብሎ ገንዘቡ ይቀራል፤ ሲጨቃጨቅ አፍንጫው ይደማል። የመሳፈሪያ ጎደለኝ ብላ የለመነችው ሴት ከቆይታ በኋላ ሌላ መንገድ ላይ ያንኑ ታሪክ ይዛ ትመጣበታለች። ሴምቤን ካሜራውን ከእጆች ላይ አያነሳም፤ የሚዘረጉ እጆች፣ የሚቆጥሩ እጆች፣ ወደ ኪስ የሚገቡ እጆች። ሙስናን የሚያወግዝ ንግግር የለም። አያስፈልግማ።

ሌላም የምወደው ነገር አለ። ኢብራሂማ ቅዱስ አይደለም። ትዕቢተኛ ነው፤ ሚስቶቹን ያዝዛል፤ እግሩን ያሳሻል፤ የሌለውን ገንዘብ እንዳለው ሆኖ ይራመዳል። ድሃን የሚያሳዩ ብዙ ፊልሞች ድሃውን ንጹሕ በግ ያደርጉታል፤ ተመልካቹ ደረቱን እየደቃ እንዲወጣ። ሴምቤን ግን መጀመሪያ ያስቀናል፣ ቀጥሎ ያስቀን የነበረው ሰው ሲዋረድ ሳቃችንን ጉሮሯችን ላይ ያስቀረዋል። አንድን ሰው ለማክበር ከእንከኑ ጋር ማየት ይበቃል፤ ይህን ከማንዳቢ የበለጠ ያሳየኝ ፊልም የለም።

ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ፊልም መጨረሻ መንገር ነውር አይመስለኝም። ኢምባዬ የሚባል የተማረ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ዘመድ ይመጣና ውክልና ስጠኝ፣ እኔ አወጣልሃለሁ ይለዋል። ኢብራሂማ ይፈርማል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ኢምባዬ ግን ገበያ ላይ ኪሴን አወለቁኝ ይልና ሩዝ ይሰጠዋል። አዛውንቱ ከአሁን ወዲያ እኔም እንደ ሌላው አታላይ እሆናለሁ ብሎ ሲምል፣ ያ ፖስተኛ ብቅ ብሎ አገሩን እኛ እንለውጠዋለን ይለዋል። በዚህ ትዕይንት ከፊልሙ ጋር እጣላለሁ። ፖስተኛው እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ የሚያድል ሰው ነበር፤ በድንገት የሴምቤን አፍ ሆነ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳይሰብክ የቆየ ፊልም፣ ሊያልቅ ሲል ሰበከ። ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ በ1968 የነበረ ወጣት ያንን ቃል መስማት ነበረበት ይሉኛል። ይሁን፤ እኔ ግን ሩዙ በቂ ነበር ባይ ነኝ።

ከሴኔጋል ሳልወጣ ጅቦች ስለተባለው ፊልም አንድ ነገር ልበል። የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ ነው፤ 1992። ማምቤቲ የስዊዘርላንዱን ደራሲ የፍሪድሪክ ዱረንማትን ተውኔት ወስዶ ኮሎባን ላይ፣ በራሱ የትውልድ ሰፈር ስም ተክሎታል። ወጣት ሳለች ተክዳና ተዋርዳ የተባረረች ሴት በስተርጅና እጅግ ሀብታም ሆና ትመለሳለች፤ ለከተማው ሁሉ ገንዘብ እሰጣለሁ፣ የካደኝን ባለ ሱቅ ግደሉልኝ ትላለች። ሕዝቡ መጀመሪያ በቁጣ እምቢ ይላል። ከዚያ ግን ሁሉም በዱቤ መግዛት ይጀምራል፤ ከራሱ ከባለ ሱቁም ጭምር። ሰውየው አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አዲስ ቢጫ ጫማ ማድረጉን ያያል፤ ሁሉም የእሱን የባለ ሱቁን ሞት በዱቤ እንደለበሰ ይገባዋል። በሕይወቴ ጫማ አይቼ የፈራሁት ያኔ ብቻ ነው። ማምቤቲ ሙሉ ርዝመት ያላቸው ሁለት ፊልሞችን ብቻ ሠርቶ በ1998 አረፈ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ራሳችሁ እዩት።

አሁን ወደ ኢራን። አባስ ኪያሮስታሚ በ1987 የጓደኛዬ ቤት የት ነው? የሚል ፊልም ሠራ። ብዙ ሰው "ደስ የሚል የልጆች ፊልም" ይለዋል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው።

ኮከር በሚባል መንደር አህመድ የሚባል ልጅ አለ። አብሮት የሚቀመጠው ነዕማትዛዴ የቤት ሥራውን ደብተሩ ላይ ባለመሥራቱ መምህሩ አስለቅሶታል፤ አንዴ ከደገምክ ትባረራለህ ብሎታል። አህመድ ቤቱ ሲደርስ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ደብተር ያገኛል። አንዱ የጓደኛው ነው፤ ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል አብሮ ይዞት መጥቷል። ጓደኛው ያለው ከኮረብታው ባሻገር ፖሽቴህ በሚባል መንደር ነው። ቤቱን አያውቀውም። ፊልሙ ይኸው ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ ኮረብታ፣ እየመሸ ያለ ቀን።

አህመድ ለእናቱ ይነግራታል። የቤት ሥራህን ሥራ ትለዋለች። እንደገና ይነግራታል። ሕፃኑን አወዛውዝ ትለዋለች። እንደገና ይነግራታል። ዳቦ ግዛ ትለዋለች። እናቲቱ ክፉ አይደለችም፤ ሥራ በዝቶባታል፤ ልጅ ደግሞ ከትዕዛዝ በቀር ሊሰማ የሚገባው ነገር አለው ብላ አታስብም። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ "ና፣ ይህን አድርስ፣ ያንን አምጣ" እየተባለ ያላደገ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የእኛ ልጅ የእናቱ ብቻ ተላላኪ አይደለም፤ በበሩ የሚያልፈው ማንኛውም ትልቅ ሰው ይልከዋል።

አያትየውማ የባሰ ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ አምጣልኝ ብሎ ይልከዋል፤ ሲጋራ ግን ኪሱ ውስጥ አለው። ለምን ላክኸው ሲባል ሥርዓት እንዲማር ነው ይላል። ቀጥሎ ስለ ራሱ አባት ይተርካል። አባቱ በየሳምንቱ ሳንቲም ይሰጠው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይገርፈው ነበር፤ ሳንቲሙን የሚረሳበት ጊዜ ነበር፣ ግርፊያውን ግን ረስቶ አያውቅም። አዛውንቱ ይህንን በኩራት ነው የሚናገረው። ኪያሮስታሚ አይፈርድበትም፣ አይቆጣውም፤ ካሜራውን አስቀምጦ ያዳምጠዋል። እኛ እያዳመጥን ሳለ ግን ደብተሩ አልደረሰም፤ ፀሐይዋም እየጠለቀች ነው። የታጠቀ ሽፍታ ሳይኖር፣ ፈንጂ ሳይቆጥር፣ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ፍርሃት የሚመጣው ከዚህ ነው። ትልልቆቹ ቀስ ይላሉ፤ ልጁ ይሮጣል።

ማታ ላይ በሕይወቱ ሙሉ የእንጨት በር ሲሠራ የኖረ ሽማግሌ ቤቱን ላሳይህ ብሎ ይመራዋል። መንገድ ላይ ስለ በሮቹ ያወራል፤ የእሱ በሮች ዛሬ በብረት እየተለወጡ ነው። እያረፈ፣ እየተነፈሰ ይሄዳል። ልጁ ይቁነጠነጣል፤ ነገር ግን ሽማግሌውን ጥሎ መሮጥ ነውር ነው። የዚህን ፊልም መጨረሻ አልነግራችሁም፤ ይህ ነውር ይመስለኛል።

ኮረብታው ላይ የሚጠማዘዘውን መንገድ ያየ ሰው አይረሳውም። ጫፉ ላይ አንድ ዛፍ፣ መንገዱ ደግሞ በሹል ማዕዘን ወዲያና ወዲህ የሚል። የተፈጥሮ መንገድ አልነበረም፤ ለፊልሙ ሲባል የተሠራ ነው። ይህን ስሰማ አልከፋኝም። እንዲያውም ሰውየው ምን ያህል አስቦበት እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በሰኔ 1990 ያን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ኪያሮስታሚ በፊልሙ የተሳተፉት ልጆች በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ መኪና ይዞ ወደዚያ ሄደ፤ ከዚያ ጉዞ በ1992 ሕይወት ይቀጥላል የተባለው ፊልም ወጣ። በዚህኛው ፊልም አንድ ሰው በፍርስራሽ መካከል የቴሌቪዥን አንቴና ይተክላል፤ የዓለም ዋንጫ አለ። ዘመድ ሞቶበታል። ምን ያድርግ ታዲያ? ዋንጫው በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ሰው በዚህ ትዕይንት ይቀየማል። የሚቀየም ሰው ለቅሶ ቤት ድንኳን ጀርባ ቆሞ የሚወራውን አልሰማም ማለት ነው። እዚያ ስለ አርሴናል ይወራል፤ የሚያወሩትም ከልባቸው ያዘኑ ሰዎች ናቸው። ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ሁለቱ ልጆች በ1994ቱ በወይራ ዛፎቹ መካከል በሚለው ፊልም ላይ ብቅ ይላሉ፤ ተርፈዋል።

እስካሁን ሳሞግስ ቆየሁ። አሁን ደግሞ ልከራከር።

የሃንጋሪው ቤላ ታር በ2011 የቱሪኑን ፈረስ ሠራ። ባለ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ካሜራው ተቆርጦ የሚቀጥለው ሠላሳ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ፈላስፋው ኒቼ በ1889 ቱሪን ላይ ሲገረፍ ያየውን ፈረስ አቅፎ እንዳለቀሰ ይነገራል፤ ፊልሙ ስለ ኒቼ ሁሉ ተወርቷል፣ ፈረሱስ ምን ሆነ ብሎ ይነሳል። አንድ እጁ የማይሠራ አባትና ልጁ ከዓለም ተገልለው ይኖራሉ። ነፋሱ አያቆምም። ፈረሱ አልጎትትም፣ አልበላም ይላል። ጉድጓዱ ይደርቃል። በየቀኑ የሚበሉት ለእያንዳንዳቸው አንድ የተቀቀለ ድንች ነው፤ በጨው። አባትየው ትኩሱን ድንች በአንድ እጁ እየላጠ፣ እየተቃጠለ፣ ሳይጨርስ ይነሳል።

ልክድ አልችልም፤ ያ ድንች ከአእምሮዬ አልወጣም። ነፋሱም እንደዚያው። በፊልም ታሪክ እንደዚያ የታየ ነፋስ አለ ብዬ አላምንም። ነገር ግን ይህ ሰው ድሆችን ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ መልሴ ግማሹን ያውቃል የሚል ነው። እጃቸውን ያውቃል፤ ጀርባቸውን፣ የሚለብሱትን ንብርብር ጨርቅ፣ ባልዲ የሚሸከሙበትን አኳኋን ያውቃል። አፋቸውን ግን አያውቅም። አባትና ልጅ በስድስት ቀን ውስጥ አንድ ቀልድ አይቀልዱም፤ አንዱ ሌላውን አያማም፤ ፈረሱን እንኳ ማንም ደህና አድርጎ አይሰድበውም። ድሃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቃል፤ ሌላው ሁሉ ሲጎድል ወሬ አይጎድልም። ቤላ ታር ዓለም እያለቀች ነው ሊለን ፈልጎ ሰዎቹን አስቀድሞ ዝም አሰኛቸው። ፊልሙን አከብረዋለሁ። ሁለተኛ ለማየት ግን በገንዘብ ሊያባብሉኝ ይገባል።

የጎደለውን ያገኘሁት ቱልፓን ላይ ነው። የካዛክስታኑ ሰርጌይ ድቮርትሴቮይ ነው፤ 2008። ድቮርትሴቮይ ድሮ የአቪዬሽን ባለሙያ ነበር፤ ቀጥሎ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ሆነ፤ ይህ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ፊልሙ ነው። ቦታው የረሃብ ሜዳ የሚባለው ደረቅ ምድር ነው፤ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ አቧራ ብቻ። ነፋሱ ከሃንጋሪው አይተናነስም። ሰዎቹ ግን ያወራሉ።

አሳ የሚባል ወጣት ከባሕር ኃይል አገልግሎት ተመልሶ እህቱና ባሏ ዘንድ ተጠግቷል። የራሱ መንጋ እንዲሰጠው ሚስት ማግባት አለበት። በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ያለችው ያላገባች ልጅ አንዲት ናት፤ ቱልፓን። ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ለቤተሰቡ ስለ ባሕር እንስሳት፣ ስለ ኦክቶፐስ ያወራላቸዋል፤ አሥር በግና አንድ ባለ ጌጥ የጣሪያ መብራት ጥሎሽ ያቀርባል። መብራቱን የሚያበሩበት ኤሌክትሪክ ግን የለም። ልጅቱ እምቢ አለች። ምክንያት? ጆሮው ትልቅ ነው። ጓደኛው የያኔውን የእንግሊዝ ልዑል የቻርልስን ፎቶ ከመጽሔት ያመጣና፣ ይኸው፣ ይህም ልዑል ነው፣ ጆሮውን እዩት ብሎ ይሟገትለታል። እኛም ልጅቱን እስከ መጨረሻው ፊቷን ሳናይ እንቀራለን።

ሽማግሌ ተልኮ የሚያውቅ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ ያለውን ዝምታ ያውቀዋል። ተናጋሪው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አማቹ ወለሉን ያያል፤ ሙሽራ ልሁን ባዩ ከሚገባው በላይ ያወራል። ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ያዳምጣል። እኔ ያን ትዕይንት ሳይ ካዛክስታን መሆኔን ረስቼው ነበር።

ቀልዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ያህል አላወራበትም ነበር። በጎቹ የሚወልዷቸው ግልገሎች ሞተው ይወጣሉ፤ ምክንያቱ አይታወቅም። አንድ የእንስሳት ሐኪም በሞተር ሳይክል ይመጣል፤ በጎን ጋሪው ውስጥ ጭንቅላቱ በፋሻ የታሰረ የግመል ግልገል ጭኗል፤ እናት ግመሏ ደግሞ ከኋላ እያጉረመረመች ትከተለዋለች። በኋላ እንደሚታወቀው በጎቹ ተርበው ነው። ወደ መጨረሻው አሳ ብቻውን ሜዳ ላይ ሳለ አንዲት በግ ምጥ ይይዛታል። ተዋናዩ ራሱ ያዋልዳታል፤ በጓ እውነተኛ፣ ምጡ እውነተኛ፣ ካሜራው ሳይቆረጥ። ግልገሉ አይተነፍስም፤ አፉን በአፉ ገጥሞ ይነፋበታል። ይህን ያየ ሰው በልዩ ውጤት የተሠራ ዘንዶ እንዴት ብሎ ሊያስደንቀው ይችላል? አንድ ተዋናይ እጁን ዘርግቶ በሕይወትና በሞት መካከል ገባ፤ ፊልሙ ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም ነበር።

አንዳንድ ሰው "የግርጌ ጽሑፍ እያነበብኩ ፊልም ማየት ያደክመኛል" ይለኛል። እረዳዋለሁ፤ በተለይ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሲሆን ተመልካቹ ሁለት ባሕር ይሻገራል። ነገር ግን ከጠራኋቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ውስጥ ንግግሩ ጥቂት ነው። አህመድ ሲሮጥ የሚነበብ ነገር የለም። በጓ ስትወልድ የሚነበብ ነገር የለም። ማንዳቢ ውስጥ ወሬ ይበዛል፤ ግን የመስኮቱ ጸሐፊ ፊት ምን እያለ እንደሆነ ገና አፉን ሳይከፍት እናውቃለን። አማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ቢኖራቸው እጅግ ደስ ይለኛል፤ ይህን ሥራ የሚችሉ ወጣቶች ዛሬ እዚህ እንዳሉም እገምታለሁ። የቱርኩን ድራማ ያን ያህል አጣፍጦ ያናገረ ትውልድ ሴምቤንን አያቅተውም።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። እኛም ለሌላው የውጭ ቋንቋ ፊልም ነን። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት በ1976 ሲወጣ፣ ዳካር ላለ ሰው ወይም ለቴህራን ተመልካች አማርኛ የሚነገርበት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሩቅ ፊልም ነበር። ኃይሌ ገና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ በ1974 አገር ቤት መጥተው የቀረጹት ነው፤ የንጉሡ ሥርዓት በሚናጋበት ዓመት። ገበሬው ከነቤተሰቡ ይደክማል፤ ባለ መሬቱ ወንበር አስወጥቶ ቁጭ ብሎ ይጮህባቸዋል። ያ ጩኸት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የትኛውም አገር ጭሰኛ ይሰማዋል። ፊልሙ እንዳይጠፋ የታደሰው ጣሊያን ውስጥ፣ ቦሎኛ ነው። ይህን ስናገር ኩራትም ቅሬታም አለብኝ። ባዕድ ያደሰውን ፊልም ስንቶቻችን አይተነዋል? የቱሪኑ ፈረስ ረዘመብኝ ያልኩት እኔ እንኳ በዚህኛው ላይ ሰዓቴን አላየሁም፤ አድልዎ ነው ትሉኝ ይሆናል። እዚያ ፊልም ውስጥ ግን ድሆቹ ያወራሉ፣ ይራገማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያብዳሉ። ክርክሬ ይኸው ነው።

ለማየት ከፈለጋችሁ የት እንደሚገኙ ተናግሬ ላብቃ። የሴምቤንና የማምቤቲ ፊልሞች ታድሰዋል፤ የኪያሮስታሚም እንደዚሁ፤ ከፍሎ ለማየት በኢንተርኔት ይገኛሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝንና የጎተ ኢንስቲትዩትን የፊልም ምሽቶች ተከታተሉ፤ ፕሮግራሙን የሚያወጡ ሰዎችም ይህን አምጡልን ተብለው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን የኃይሌ ገሪማንና የባለቤታቸውን ሳንኮፋ የተባለ መደብር ጠቁሟቸው፤ መጽሐፍም ፊልምም አለው፤ ቡናውም ደህና ነው ይባላል። ከየትኛው እንጀምር ለምትሉኝ፣ ከማንዳቢ። ከቤተሰብ ጋር፣ በተለይ ውጭ አገር ልጅ ካለው ቤተሰብ ጋር እዩት፤ ካበቃ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከፊልሙ ይረዝማል።

ጥያቄ ካለ አሁን እቀበላለሁ፤ የቱሪኑን ፈረስ የምትወዱ ካላችሁ ማይክሮፎኑ በቅድሚያ ለእናንተ ነው።